ኮፒ የሌለው ኑዛዜ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሰው ግን አያነብም። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ ታክስ እሠራለሁ፤ ኖተሪም፣ ማለት ፊርማ አረጋጋጭ፣ ስለሆንኩ ማኅተም አለኝ። የእኛ ሰው ደግሞ ማኅተም ካየ አለቀለት፤ የፍቺውን፣ የግሪን ካርዱን፣ የጎረቤቱን ውሻ ጩኸት ሳይቀር ተሸክሞ ይመጣል። «ውባለም ትጨርሰዋለች» ይባላል። ውባለም ምኑን ነው የምትጨርሰው? የራሷን ምሳ እንኳ ጨርሳ አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ስታስቀኝም ስታናድደኝም የኖረች አንዲት ሴት አለች፤ እትዬ የሺሃረግ። ዳላስ ውስጥ ታክሲ ነድቶ እትዬ የሺን የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርቱ መውጫ ላይ፣ የፓርኪንግ ሒሳብ በሚከፈልባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሠርታለች። ሹፌሩ መስኮቱን ሲከፍት ትኬቱን ከመቀበሏ በፊት የቀለበት ጣቱን ታያለች። ባዶ ከሆነ ጉዱ ፈላ፤ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ እሷ የአንዷን ልጅ ስልክ ቁጥር ደረሰኝ ጀርባ ላይ ትጽፍለታለች። በዚህ ዓይነት አራት ትዳር አቁማለች። አንዱ ፈርሷል፤ እሱን አትቆጥረውም። በኋላ ማሽን መጥቶ ሥራዋን ሲወስድባት አላለቀሰችም። ማሽኑ ሰው ማጋባት ስለማይችል የሚጎዳው ወጣቱ ነው ብላ፣ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች።

ቤቷ ሮውሌት ነው። «ሐይቁ ዳር» ትላለች፤ ሐይቁ ግን የሚታየው የጎረቤቷ ጣራ ላይ ለወጣ ሰው ነው። ያም ሆኖ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ፣ በላቧ የገዛችው ቤት ነው።

አንድ አመል አለባት፤ ሞት የሚለውን ቃል አትጠራም። ለቅሶ ላይ ቀድሟት የሚደርስ የለም፤ ድንኳን ተከላው፣ ወጡ፣ ማጽናናቱ፣ በሁሉም አለችበት። ግን «እገሌ ሞተ» አትልም፤ «ቀደመን» ነው የምትለው። ላይፍ ኢንሹራንስ ሊሸጡላት ሲመጡ ሳታንገራግር ፈረመች፤ ስሙ ሕይወት ነዋ። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ግን «ካንቺ በኋላ ይህን አካውንት ማን ይውሰድ?» ብላ ብትጠይቃት፣ ምን አስቸኮለሽ ብላት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሟርት ነው ባይ ናት። እኔም ስንት ጊዜ ተጣልቻታለሁ፣ ዝናብ የሚመጣው ጃንጥላ ስለያዝሽ ነው እንዴ ብዬ። አትሰማም።

እትዬ የሺ አላገባችም፣ አልወለደችም። ልጅ ግን አላት። ድሮ አንድ አፓርታማ አብራት የተከራየች አክሱማዊት የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። አክሱማዊት ታማ ስታርፍ የሦስት ዓመት ልጇ ናኦሚ እዚያው ቤት ቀረች። አባትየው ቀደም ብሎ ስሙን ብቻ ትቶላት ጠፍቷል። እትዬ የሺ ማንንም ሳትጠይቅ አሳደገቻት። ማደጎ መሆኗ በሕግ ይጽደቅ ሲሏት፣ ፍርድ ቤት ከገባሁ ይወስዱብኛል ብላ ፈራች፤ እሷ ስትፈራ ልጂቱ አደገች። አሁን ናኦሚ ሠላሳ ልትደፍን ነው። አዲሰን ውስጥ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ማታ የምትገባው ግን ሮውሌት፣ እትዬ የሺ ቤት ነው። እማዬ ነው የምትላት። አማርኛዋ እንደ ዳላስ መንገድ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየተሠራ ያለ። «እማዬ፣ መድኃኒት ወሰድሽ?» የሚለውን ብቻ ያለ እንከን ትለዋለች።

ነገሩን የቀሰቀሰው የአቶ ይገዙ ጉዳይ ነው። አቶ ይገዙ ላጤ ሆኖ የኖረ ሹፌር ነበር። ድንገት ሲያርፍ ቤት እንጂ ወረቀት አልተወም። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ጓደኞቹ «የስድስት ወንድሞችና የአራት እኅቶች መከታ ነበር» ብለው በሚያምር ወረቀት አሳትመው ለቀብሩ አደሉ። እኛ እንግዲህ እንደምናውቀው ነው፤ የአጎት ልጅም ወንድም ነው፣ አብሮ ያደገም ወንድም ነው፣ ሱዳን ላይ አንድ ዳቦ የተካፈለም ወንድም ነው። የቴክሳስ ዳኛ ይህን ከየት ያውቃል? እዚህ አገር ሰው ወረቀት ሳይተው ካረፈ ወራሹን አጣርቶ የሚለየው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛውም ምናልባት የማይታወቅ ወራሽ ይኖር ይሆናል ብሎ ለዚያ ለማይታወቀው ሰው ጠበቃ ያቆምለታል። ለሌለ ሰው ጠበቃ። ሒሳቡ ደግሞ የሚከፈለው ከሟች ንብረት ነው።

ያ ጠበቃ የቀብሩን ወረቀት አገኘው። የእናትና የአባት ልጆች ሁለት ብቻ ሆነው ሳለ እሱ አሥሩንም ፍለጋ ተነሣ። ጓደኞቹ እንኳ ቢያስረዱት፣ እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት አላቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ የምስክር ቃል፣ የቀጠሮ ክፍያ እየተባለ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ቤቱ ተዘግቶ ሣሩ እስከ መስኮቱ አደገ፤ ከተማው ስለ ሣሩ ለሟች በስሙ ቅጣት ላከለት። አቶ ይገዙ በሕይወቱ አንድ የትራፊክ ቅጣት ያልነበረበት ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማችው ናኦሚ አንድ ቀን በምሳ ሰዓቷ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። እትዬ የሺ በዚያው ሰሞን ደም ግፊቷ ተነሥቶ ሁለት ቀን ሆስፒታል አድራ ወጥታ ነበር። ልጂቱ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ እማዬ አንድ ነገር ብትሆን ቤቱ የማን ይሆናል? እኔ ጠበቃ አይደለሁም አልኳት። እሱን ተይና ንገሪኝ አለች። ነገርኳት፤ ምን ላድርግ። ወረቀት ከሌለ ቤቱ የሚሄደው ሲያትል ላለው ለእትዬ የሺ ወንድም ለወልዴ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ላልደወለላት ወልዴ። ናኦሚ ሃያ ስድስት ዓመት አብራት ብትኖርም ለሕጉ እንደ ተከራይ ናት። ለፍርድ ቤት ልጅዋ ነኝ ልትል ትችላለች፤ ግን ምስክር ቆጥራ፣ ጠበቃ ገዝታ፣ ከወልዴ ጋር ተካስሳ ነው። መጀመሪያ ግን እናትሽ ኑዛዜ እንዳላት ጠይቂያት አልኩ። ናኦሚ ቃሉን አላወቀችውም። ዊል ማለት ነው ብዬ አስተማርኳት፤ ሦስቴ አስደገምኳት። ኑ-ዛ-ዜ።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኑዛዜ ሁለት ፊት ያለው ቃል መሆኑን ረሳሁት። ለንብረትም ለኃጢአትም ያለን አንድ ቃል ነው፤ ሰው ቤቱን ሲያከፋፍልም ተናዘዘ ነው፣ ለንስሐ አባቱ በደሉን ሲነግርም ተናዘዘ ነው።

ናኦሚ ያን ዕለት ማታ እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ኑዛዜ አለሽ?» አለቻት። እትዬ የሺ ደስ አላት እንጂ አልተቆጣችም። ልጇ ስለ ነፍስ ጉዳይ ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው። አዎን፣ ፍልሰታ ሲገባ ነው፣ አንድም ነገር አልደበቅኩም፣ ሁሉንም ቄስ አሻግሬ ያውቁታል አለቻት። ናኦሚ እፎይ ብላ ደወለችልኝ፤ ኦኬ ነው፣ ተሠርቷል፣ ቄሱ ጋ ነው ያለው። እኔም አመንኩ። ባገራችን የንስሐ አባት ኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ ይቀመጥ የለም እንዴ? እንዲያውም፣ ይቺ ሴትዮ ለካ እንዲህ ብልህ ነች ብዬ አደነቅኳት።

ናኦሚ ግን የቢሮ ሰው ናት፤ ያለ ኮፒ እንቅልፍ አይወስዳትም። በሳምንቱ ለቄስ አሻግሬ ደወለች። አንተና አንቱን ስለማትለይ፣ «አባ፣ የእማዬን ኑዛዜ ስካን አድርገህ ኢሜይል ታደርግልኛለህ?» አለቻቸው። ሰውየው ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት፣ ሄሎ፣ ሁሉም ገጽ ያስፈልገኛል፣ ፋይል የማደርግበት ቦታ አለኝ አለች። ቄስ አሻግሬ ሠላሳ ዓመት ሲያናዝዙ ኃጢአት በፋይል የጠየቃቸው ሰው የለም።

«እሱ እንኳ ኮፒ የለውም» አሏት።

ኦሪጅናሉንም ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ ስትላቸው ነው ነገሩ የገባቸው። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው፤ ሳቃቸውን ውጠው የቃሉን ሁለት ፊት አስረዷት። ቤትን በሚመለከት እትዬ የሺ አንድም ቃል እንዳልነገረቻቸው፣ ሌላውን ደግሞ ለማንም እንደማይናገሩ ነገሯት። ናኦሚ በዚያ ድንጋጤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለሳምንት ያህል አለ ብላ የተማመነችው ወረቀት የለም።

እትዬ የሺ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ስትገባ በሩ ከማጠፊያው ሊነቀል ምንም አልቀረው። ናኦሚ ከኋላዋ አንገቷን ደፍታ ትከተላለች። የመጀመሪያው ቁጣ ለእኔ ነበር። ልጄን ምን አስተምረሻት ነው ኃጢአቴን ኢሜይል ያስደረገችብኝ አለችኝ። እኔም አልቻልኩም፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ስታየኝ ጊዜ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ናኦሚ ብቻ አልሳቀችም።

ልጂቱ ባዶ እጇን አልመጣችም። የምትሠራበት ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ጠበቃ፣ ኑዛዜ ቢኖር እንኳ ፍርድ ቤት መግባቱ እንደማይቀር፣ ቴክሳስ ውስጥ ግን ለቤት የሚሆን ከዚያ ያጠረ መንገድ እንዳለ ነግሯት አንድ ወረቀት አዘጋጅቶላታል። ስሙ ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ ነው፤ በሞት ጊዜ ቤት የሚያስተላልፍ ሰነድ ማለት ነው። እኔ ጠበቃው የነገራትን ቃል በቃል ለእትዬ የሺ አስረዳሁ። ቤቱ በሕይወትሽ ሙሉ ያንቺ ነው፤ ብትሸጪው ያንቺ ፈንታ፣ ሐሳብሽን ብትለውጪ ትሰርዢዋለሽ። ካንቺ በኋላ ግን ዳኛ ሳያይ፣ ለሌለ ሰው ጠበቃ ሳይቆም፣ በቀጥታ ለናኦሚ ያልፋል። ግዴታው አንድ ነው፤ አንቺ እያለሽ ካውንቲው መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እትዬ የሺ፣ አልኳት።

ዴዝ የሚለውን ቃል እንዳታይ ብዬ አርዕስቱ ላይ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፌበት ነበር። መነጽሯን አደረገች፤ ተለጣፊዋን በጥፍሯ አንሥታ አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈቻት። እንግሊዝኛ አላውቅም መሰለሽ አለችኝ። አሁን ትነሣለች፣ አሁን ቦርሳዋን ታንጠለጥላለች ብዬ ስጠብቅ አልተነሣችም። ያስጨነቃት ሌላ ነው።

«ለልጅ ወረቀት ይጻፋል እንዴ? ለባዳ ነው እንጂ» አለች።

እሺ ምን ትላላችሁ? እሷ ቀጠለች። የወለደች ሴት ለልጄ ብላ ስትፈርም አይታ አታውቅም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ልጅ ይወርሳል። ይህን ብፈርም ባፌ ልጄ ስል ኖሬ በእጄ አይደለችም ማለቴ ነው አለች። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ካምፕ፣ በሄዱበት ሁሉ ዝምድና በሚለው መስመር ላይ አክስት እያሉ ሲጽፉባት ስንት ዓመት ዝም ብላለች። አሁን ደግሞ በገዛ ፊርማዋ ልታረጋግጥላቸው ነው? እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሟርት ፈርታ ነው ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ለካ የፈራችው ይህን ነው። የወለዱትም እዚህ አገር ይፈርማሉ፣ የአቶ ይገዙ የእናቱ ልጆች ምን እንደሆኑ አላየሽም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። አይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

ናኦሚ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ወረቀት ከሌለ ጀጁ፣ ዳኛው፣ ይጠይቀኛል። ማን ነሽ ይለኛል። ምስክር አምጪ ይለኛል። እኔ... ማለቴ፣ እኔ ያንቺ ልጅ መሆን ፕሩቭ ማድረግ አልፈልግም። አንቺ በሌለሽበት አልችልም። ወረቀት ካለ ማንም አይጠይቀኝም።»

ቤቱን አይደለም የፈራችው፤ ብቻዋን ቆማ መጠየቁን ነው። እትዬ የሺ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ብዕር ፈልጋ ነው።

መታወቂያዋን አየሁ፣ ፈረመች። በዚህ መሀል የጎማ ቤቱ ልጅ መጥቶ የናኦሚ መኪና በሩን እንደዘጋበት ነገረን፤ ልጂቱ ልታነሣ ሮጠች። እኔ ማኅተሜን ከመሳቢያ ሳወጣ እትዬ የሺ ብዕሩን አልመለሰችም። ጎንበስ ብላ፣ ናኦሚ እንድርያስ ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም ጎን፣ በአማርኛ ፊደል፣ ጉልህ አድርጋ «ልጄ» ብላ ጻፈች።

ምነው ሸዋ! ንዴቴ ጣራ ነካ። ሴትዮ፣ የሕግ ወረቀት እኮ ነው አልኳት። ፎርሙ ዝምድና አልጠየቀም። እንግሊዝኛ ያልሆነ ነገር ካዩ ይመልሱታል። ቆይ እንደገና ፕሪንት ላድርገው። እሷ ወረቀቱን በመዳፏ ተጭና ያዘችው። ፎርሙ ባይጠይቅም እኔ እናገራለሁ፣ ቢመልሱትም እንደገና ጽፌ እመጣለሁ አለች። ደግሞስ፣ አንቺ ጠበቃ አይደለሽም አለችኝ። ስንት ዓመት ስለፍልፍ አንድ ሰው ግድግዳዬን አነበበልኝ፤ እሱም በዚህ ሰዓት። ማኅተሜን መታሁ። ለናኦሚ አትንገሪያት አለችኝ። ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ሦስታችንም ዳላስ መሀል ከተማ ወደ ካውንቲው ቢሮ ሄድን። እኔ የሄድኩት ጸብ ቢነሣ ላስረዳ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤቴ ብቀር እንቅልፍም አይወስደኝም ነበር። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርን። እትዬ የሺ የእያንዳንዱን ጋራዥ ዋጋ እያነበበች፣ ይህ ሌብነት ነው፣ ያኛው ደግሞ መውጫው ተበላሽቷል እያለች እንደ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ስትተች ነበር። በመጨረሻ የያዝነው ቦታ ሩቅ ነው፤ በዚያ ሙቀት ክንዷን ደግፈን ሄድን።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን ተቀበለች። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ስሙን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የእኔን ማኅተም አየች፤ ደህና ነው። ተመልሳ ገለጠችና ቆመች። ጣቷን እዚያች ቦታ ላይ አሳረፈች። ይሄው ጉዳችን ብዬ ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ። ሴትየዋ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ላስረዳ አፌን ስከፍት እትዬ የሺ ክንዴን ጨበጠችኝ። እሷም አልመለሰችም።

ናኦሚ ጎንበስ ብላ ከመስታወቱ ሥር አየችው። ፊደል የተማረችው በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንድ በአንድ እየለቀመች ነው የምታነበው። «ል» አለች። ቆየች። «ጄ» አለች። እንደገና ሁለቱንም አገጣጥማ በለሆሳስ አነበበችው። እናቷን አላየቻትም፤ ብታያት ኖሮ ሁለቱም እዚያው ይንሰቀሰቁ ነበር። ወደ ሴትየዋ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ» አለቻት።

ሴትየዋ ኦኬ ብላ ማኅተሙን መታችው።